የማን ጥቁር? የሴምቤን ፊልምና የተመልካች ዓይን

ፊልም አልቆ የአዳራሹ መብራት ሲበራ ከተመልካች አፍ የሚወጣው ፍርድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል አይበልጥም፤ «ያስቃል» ወይም «ያስለቅሳል»። ይህ ፍርድ የሚናቅ አይደለም። ልቡ ያልተነካ ተመልካች ስለ ፊልም የሚሰጠው አስተያየት ምንጊዜም ደረቅ ነው። ይሁን እንጂ እንባ የእይታ መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይችልም። ተመልካቹ ለማን እንዳለቀሰ፣ በምን ብልሃት እንዳለቀሰና የታሪኩ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ከገባ፣ ፊልሙ በእርሱ ላይ ሠራ እንጂ እርሱ ፊልሙን አላየም።

ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆን አንድ ሥራ አለ። ሴኔጋላዊው ደራሲ ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ጥቁርና ነጭ ፊልም። ሴምቤን (1923–2007) በማርሴይ ወደብ የጫኝና አውራጅነት ሥራ የሠራ፣ በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ጽፎ ስም ያተረፈ ሰው ነው። ነገር ግን የጻፈላቸው ወገኖቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ በአርባ ዓመቱ ገደማ ሞስኮ ሄዶ የፊልም ሙያ ተማረ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ የዣን ቪጎን ሽልማት፣ በቱኒዚያ ደግሞ የካርታዥ ፌስቲቫልን የወርቅ ታኒት አግኝቷል።

ታሪኩ በጋዜጣ ከወጣ አጭር ዜና የተነሣ ነው። ዲዋና የተባለች ወጣት በዳካር ለአንድ የፈረንሳውያን ቤተሰብ ልጅ ጠባቂ ሆና ትቀጠራለች። ኋላም አሠሪዎቿ አንቲብ ወደተባለችው የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ያስመጧታል። እርሷ ፈረንሳይን ለማየት የመጣች መስሏታል። የምታየው ግን ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ መኝታ ክፍሉንና ሳሎኑን ብቻ ነው። ልጅ ጠባቂነቷ ቀርቶ ምግብ አብሳይ፣ አጣቢና ወለል ወልዋይ ትሆናለች። በመጨረሻ በዚያው ስታጸዳው በኖረችው መታጠቢያ ቤት ሕይወቷን ታጠፋለች።

አስተዋይ ተመልካች ገና ርዕሱ ላይ ቆም ይላል። የፈረንሳይኛው ርዕስ «ጥቁሯ» ካለ በኋላ አገናዛቢ ቃል ያስከትልና በሦስት ነጥብ ይቋረጣል። እንግሊዝኛው «ጥቁር ልጃገረድ» ብሎ ሲተረጉመው ነጥቦቹንም ጥያቄውንም ጣላቸው። አማርኛ ግን «የ» የምትል ፊደል አለችው፤ የትውልድ ቦታንም ባለቤትነትንም በአንድ ጊዜ ትይዛለች። «የዳካር ልጅ» ይባላል፤ «የእነ እትዬ እገሊት ሠራተኛ»ም ይባላል። ስለዚህ የፊልሙ ርዕስ በአማርኛ «የ… ጥቁር» ሊሆን ይችላል። ከየት የመጣች ናት? የማንስ ናት? ሴምቤን ክፍት የተወው ቦታ የፊልሙ ጭብጥ ራሱ ነው።

ቀጥሎ ዓይን ሊከተለው የሚገባው አንድ ዕቃ አለ፤ የእንጨት ጭምብል። ዲዋና ከአንድ ትንሽ ልጅ ወስዳ ለአሠሪዎቿ ስጦታ ታበረክተዋለች። በዳካሩ ቤት ከሌሎች የአፍሪካ ቅርጾች ጋር ይሰቀላል። በአንቲብ ግን በባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻውን ይታያል። ስለዚህ ነገር በቃል የሚያስረዳ ማንም የለም። ተመልካቹ ግን ጭምብሉንና ልጅቷን በአንድ ነጭ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ሲያይ፣ ሁለቱም ለጌጥ የተሰቀሉ መሆናቸውን ይረዳል። ስጦታው ንብረት ሆኗል፤ ሰጪዋም እንዲሁ። ኋላ ዲዋና ጭምብሉን ከግድግዳው ስታወርድና እመቤቲቱ ልትነጥቃት ስትታገል፣ ጠቡ የእንጨት ጠብ አለመሆኑን ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የደብዳቤው ትዕይንት ነው። ከዳካር የእናቷ ደብዳቤ ይመጣል። ዲዋና ማንበብ ስለማትችል ጌትየው ጮክ ብሎ ያነብላታል። ከዚያም ወረቀት ስቦ በእርሷ ስም መልሱን መጻፍ ይጀምራል፤ የምትለውንም ራሱ ያስባል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይሳደብም፤ እንዲያውም የረዳት ይመስለዋል። ዱላ የሌለበት ይህ ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ የከፋው ግፍ የሚታይበት ነው፤ የሰው ቃል ከአፉ ሳይወጣ ይወሰዳልና። ዲዋና ደብዳቤውን ትቀዳድደዋለች። ለእንባ ብቻ የመጣ ተመልካች የሚያስታውሰው መታጠቢያ ቤቱን ነው። ማየት የተማረው ግን ሞቱ የተጀመረው እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ ያውቃል።

እዚህ ላይ ፊልሙ ራሱ ለሂስ ይጋለጣል። ምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕ በፊት ገጽታዋና በእርምጃዋ የምትተውናት ዲዋና በአሠሪዎቿ ፊት ከ«እሺ እመቤቴ» የማያልፍ ቃል ትናገራለች። በውስጧ የሚሰማው ሐሳብ ግን በተዋበ ፈረንሳይኛ የሚፈስ ሲሆን፣ ድምፁም የሌላ ሴት፣ የሄይቲዋ አርቲስት የቶቶ ቢሳንት ነው። ታዲያ ሴምቤንም እንደ ጌትየው በእርሷ ስም አልጻፈምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ በኩል፣ የገንዘቡም የገበያውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ በሆነበት ዘመን ሌላ መንገድ ጠባብ ነበር። በሌላ በኩል፣ ያ ድምፅ ዝም ያለች ሠራተኛ ውስጧ ባዶ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ልዩነቱም ይህ ነው፤ ጌትየው በስሟ የሚጽፈው የእርሱን ሰላም ለመጠበቅ ሲሆን፣ ፊልሙ የሚናገረው እርሷ ያፈነችውን ነው። ቢሆንም ጉድለቱ ጉድለት ነው። ሴምቤንም ሳይሰማው አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበውን «ማንዳቢ»ን ገጸ ባሕርያቱ ወሎፍ እንዲናገሩበት አድርጓል። ከዚህ ሌላ እመቤቲቱ ከደግነት ወደ ክፋት የምትሸጋገረው በችኮላ ነው፤ እንግዶቿም ከሰውነት ይልቅ ለምሳሌነት የቆሙ ይመስላሉ። ትልቅ ሥራ መሆኑ እነዚህን አያስቀርም።

ይህ ፊልም ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ዱባይ ለቤት ሠራተኛነት ያልሄደ ልጅ ያልተሸኘበት መንደር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በእነዚያ አገሮች «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛይቱን ሕጋዊ መኖሪያ ከአሠሪዋ ጋር አቆራኝቶ ኖሯል፤ «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ በወረቀት ላይ የሰፈረ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ክፉ ዜና ሲመጣም ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመር ያልቃል፤ አንባቢውም አዝኖ ገጹን ይገልጣል። ሴምቤን የጋዜጣውን ጥቂት መስመር ወደ አንድ ሰዓት ሕይወት የመለሰው ይህን የገጽ መግለጥ ለማስቆም ነው። ደግሞም ጥያቄው ባሕር ማዶ ብቻ አይቀርም። በራሱ ቤት «ልጅቷ» እያለ ሠራተኛውን በስሟ የማይጠራ ተመልካች፣ ለዲዋና ሲያለቅስ እንባው ከየትኛው ወገን እንደሚፈስ ማሰብ ይኖርበታል።

በመጨረሻው ክፍል ጌትየው የዲዋናን ሻንጣ፣ ጭምብሉንና ያልተከፈለ ደመወዟን ይዞ ወደ ዳካር ይመለሳል። እናት ገንዘቡን አልቀበልም ትላለች። ትንሹ ልጅ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አድርጎ ሰውየውን በጭር ያሉ መንገዶች ይከተለዋል፤ ሰውየው እየዞረ እያየ እርምጃውን ያፈጥናል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ልጁ ጭምብሉን ዝቅ ያደርጋል፤ ፊቱም ይገለጣል። አሁን ካሜራውን የሚመለከተው፣ ማለትም ተመልካቹን የሚመለከተው፣ እርሱ ነው። ፊልም ማየት የሚማር ሰው አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ይህን ነው፤ መታየትን።