ሦስት ተቀራራቢ ቁጥሮች፣ ሦስት ዕጣዎች፦ የልዕለ ኃያል ፊልሞች የመክፈቻ ገቢና የአድናቂዎች ሒሳብ

ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ድረስ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሰኔ ወር ያወጣቸውን ሦስት የልዕለ ኃያል ፊልሞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የተለመደ እምነት ይናጋበታል። «ባትማን ቢጊንስ» በ2005 ከዓርብ እስከ እሁድ በአሜሪካና በካናዳ ሲኒማ ቤቶች 48.7 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። «ሱፐርማን ሪተርንስ» በቀጣዩ ዓመት 52.5 ሚሊዮን፣ «ግሪን ላንተርን» ደግሞ በ2011 53.2 ሚሊዮን አስገቡ። ሦስቱም «ስፓይደርማን» በ2002 በሦስት ቀን ከሰበሰበው 114.8 ሚሊዮን ግማሹን እንኳ አልደረሱም። ክፍል ሁለት የተሠራለት ግን ከሁሉም ያነሰ ያስገባው ባትማን ብቻ ነው።

የመክፈቻው ገቢ የተከታዩን ዕጣ ይወስናል የሚለው እምነት በስቱዲዮ ኃላፊዎች ብቻ የተያዘ አይደለም፤ ከእነሱ ይልቅ አጥብቀው የያዙት አድናቂዎች ናቸው። እሁድ ከሰዓት የገቢው ግምት ሲወጣ ፊልሙን ገና ያላየው አድናቂ ሳይቀር ያዝናል ወይም ይፎክራል። የሚያዝነውም ላየው ፊልም አይደለም፤ ገና ላልተጻፈው፣ ላልተቀረጸው ተከታይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው የመክፈቻ ገቢ ክብደት የሚያገኘው ከወጪው፣ ከተጠበቀው መጠንና ከቀጣዮቹ ሳምንታት ጋር ሲመዘን ብቻ መሆኑን ነው። አድናቂው ይህን ሚዛን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ሲያነብ የባለአክሲዮን ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ትርፉ ግን አይደርሰውም።

ቁጥሩ ይህን ሥልጣን ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። በ1975 «ጆውስ» በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ታጅቦ ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን ከመታየቱ በፊት፣ ትልልቅ ፊልሞች በብዛት በጥቂት ከተሞች ተከፍተው ወሬያቸው እየቀደማቸው ወደ ሌሎች ይዛመቱ ነበር። በየቦታው በአንድ ጊዜ መክፈት ሲለመድ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፈተና ሆኑ። በመክፈቻው ምሽት ከሲኒማ ቤት የሚወጣውን ተመልካች ውጤት የሚያሰጠው ሲኒማስኮር ቀድሞ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው ቦክስ ኦፊስ ሞጆ ደግሞ ቀድሞ የንግድ ጋዜጦች አንባቢ ብቻ የሚያውቀውን አኃዝ ለማንም ከፈተ። ሄንሪ ጄንኪንስ በ1992 ባሳተመው የአድናቂዎች ጥናት፣ አድናቂ ማለት ከባለቤቱ ማሳ ሰርጎ የሚፈልገውን የሚለቅም፣ ከለቀመውም የራሱን ትርጉም የሚሠራ አንባቢ ነበር። የዛሬው አድናቂ ማሳውን ትቶ የባለቤቱን የሒሳብ መዝገብ ያገላብጣል። ይህ ዕውቀት ነው፤ አልንቀውም። ግን የሚተካው ነገር አለ፤ ስለ ፊልሙ ማውራትን።

የባትማን ነገር አጭር ነው። በ1997 «ባትማን ኤንድ ሮቢን» በ42.9 ሚሊዮን ተከፍቶ በሁለተኛው ሳምንት ገቢው ከግማሽ በላይ ወረደ፤ የታሰበው ተከታይም ተሰረዘ። ስለዚህ ከስምንት ዓመት በኋላ ክሪስቶፈር ኖላን ሲመጣ አድናቂው የሚጠብቀው ጥቂት፣ የሚፈራው ብዙ ነበር። 48.7 ሚሊዮኑ በቁጥር ደረጃ ደካማ ቢመስልም ፊልሙ በቀጣዮቹ ሳምንታት ጸንቶ ቆየና በአገር ውስጥ 205 ሚሊዮን ገደማ፣ በዓለም ዙሪያ ከ370 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ ወጪው 150 ሚሊዮን ነበር። ተከታዩ «ዘ ዳርክ ናይት» በ2008 በ158.4 ሚሊዮን ተከፍቶ አንድ ቢሊዮን ዶላርን አልፏል። የ2005ቱን እሁድ ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊገምት አይችልም ነበር።

«ሱፐርማን ሪተርንስ» ግን ሰፋ አድርጎ መመርመርን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ከባትማን በመክፈቻም በጠቅላላ ገቢም በልጦ ተሸናፊ የተባለ ፊልም ነው። በዓለም ዙሪያ 391 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። የመሥሪያ ወጪው ግን 204 ሚሊዮን ሲሆን፣ ቀደም ሲል ተጀምረው ለቀሩ የሱፐርማን ሙከራዎች (በቲም በርተን ሊመራ፣ በኒኮላስ ኬጅ ሊተወን የነበረውና በ1998 የቆመው አንዱ ነው) የወጣው ገንዘብ በላዩ እየተደመረ ይነገር ነበር። ፊልሙ ከአሥር ዓመት በላይ የሌሎችን ዕዳ ተሸክሞ ገበያ ወጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» በሁለተኛ ክፍሉ በ135.6 ሚሊዮን ዶላር መጣና የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሱፐርማን ገቢ ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ።

አድናቂዎቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ያነሡት መሣሪያ ግን አንድ ነበር፤ ገንዘብ። ፊልሙን የወደዱት የዓለም አቀፉን ድምር አንስተው «ይህ እንዴት ውድቀት ይባላል?» አሉ። ያልወደዱት ወጪውን አንስተው መለሱ። በመካከሉ የተቀበረው እውነተኛ ክርክር የሥነ ውበት ነበር። ብራያን ሲንገር የሠራው በ1978 ለወጣው የሪቻርድ ዶነር ፊልም የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ ነው፤ ብራንደን ራውዝ የክሪስቶፈር ሪቭን ድምፅና አቋም እንዲያስታውስ ተደርጎ ተመርጧል፤ ጀግናው በፊልሙ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ በቡጢ አይመታም። ለአንዱ ተመልካች ይህ ጨዋነት ነው፤ ለሌላው እንቅልፍ። የስቱዲዮው ፕሬዚዳንት አለን ሆርን ራሳቸው ፊልሙ 500 ሚሊዮን ሊደርስ ይገባ እንደነበርና ለወጣት ወንዶች ትንሽ ተጨማሪ ፍልሚያ ቢኖረው ጥሩ እንደነበር በወቅቱ ተናግረዋል። ለ2009 የተወራው ተከታይ ቀስ እያለ ጠፋ። በ2013 የወጣው «ማን ኦፍ ስቲል» ቡጢውን በገፍ አቀረበ፤ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ወደቀ፤ በመጨረሻም ጀግናው የባላጋራውን አንገት ሰበረ። «ሱፐርማንማ ይህን አያደርግም» የሚለው ጩኸት ወዲያው ተነሣ። የ2006ቱ ቅሬታ ወደ ገንዘብ ቋንቋ ሲተረጎም የቀረው «ፍልሚያ አነሰ» የሚለው ብቻ ስለነበር፣ ስቱዲዮው የመለሰውም ለዚያው ነው።

«ግሪን ላንተርን» በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ለቁጥሩ ፍርድ የተሻለ ተገዥ ነው። ወጪው 200 ሚሊዮን፣ የዓለም ገቢው 220 ሚሊዮን ገደማ፣ የሁለተኛ ሳምንት ቅናሹ ሁለት ሦስተኛ ያህል። ከሲኒማ ቤቶች ድርሻና ከማስታወቂያ ወጪ በኋላ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያስገርመኝ ግን የማብቂያ ጽሑፉ ሲጀምር የምትገባው ትዕይንት ናት። ማርክ ስትሮንግ የሚተውነው ሲኔስትሮ እስከዚያ ድረስ ክቡርና ጥብቅ አዛዥ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አንዳች ምክንያት ሳይሰጠን ቢጫውን ቀለበት ያጠልቃል። የኮሚክ መጽሐፉ አንባቢ ሲኔስትሮ ከሃዲ እንደሚሆን ያውቃልና ጨበጨበ፤ ሌላው ተመልካች ግራ ተጋብቶ ወጣ። ጆናታን ግሬይ ከፊልሙ ዙሪያ ያሉ ማስታወቂያዎችና ቅንጫቢዎች ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ትርጉም እንደሚሰጡት በ2010 ባሳተመው መጽሐፉ ያስረዳል። እዚህ ማስታወቂያው ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ የሚያስተዋውቀውም የሌለ ሸቀጥ ነው። በመክፈቻው ሰሞን «ዋናው ነገር በክፍል ሁለት ይመጣል» ብለው የተከራከሩ አድናቂዎች ሳያውቁት የፊልሙን ዋና ጉድለት መስክረዋል። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ራያን ሬይኖልድስ ራሱ በ2018 በ«ዴድፑል 2» ማብቂያ ላይ የዚህን ፊልም ጽሑፍ ይዞ በተቀመጠው ወጣት ሬይኖልድስ ላይ ተኩሶ ሲቀልድ፣ ክርክሩ በሳቅ ተዘጋ።

ቁጥሩን እንደ ዱላ የሚይዝ ሌላ ዓይነት አድናቂም አለ። በኅዳር 2023 «ዘ ማርቭልስ» በ46.1 ሚሊዮን፣ ማለትም በማርቭል ስቱዲዮስ ፊልሞች ታሪክ በዝቅተኛው መክፈቻ ሲጀምር የደስታው ሆታ ከሐዘኑ ይበልጥ ነበር። ተዋንያኑ በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት እስከ ዋዜማው ድረስ ፊልሙን ማስተዋወቅ እንዳልቻሉ፣ ከእሱ በፊትም ተመልካቹ በተከታታይ ድራማዎች ብዛት መታከቱን ያነሣ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ፊልሙን በሴቶች ስለሚመራ ብቻ ጠልተውት ስለነበር፣ እሁዱን የጠበቁት ፍርዱን አስቀድመው ጽፈው ነው።

ዘመቻስ ተከታይ ያስገኛል? በ2017 በ93.8 ሚሊዮን የተከፈተው «ጀስቲስ ሊግ» ካሳዘናቸው በኋላ የዳይሬክተሩን የዛክ ስናይደርን ቅጂ የጠየቁት አድናቂዎች በመጋቢት 2021 አራት ሰዓት የሚሆን ፊልም በእጃቸው አስገብተዋል። ትልቅ ድል ነው፤ ያ ፊልም ጀምሮ የተወው ታሪክ ግን አልቀጠለም።

የ«ድሬድ» አድናቂዎች የሄዱበት መንገድ ከሁሉም ይልቅ ያስደንቀኛል። ፊልሙ በመስከረም 2012 በአሜሪካ በ6.3 ሚሊዮን ዶላር ተከፈተ፤ በዓለም ዙሪያ 41 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ። አድናቂዎቹ የድጋፍ ፊርማ አሰባሰቡ፤ በ2013ም ቀን ቆርጠው ዲስኩን በጅምላ በመግዛት በገዛ ገንዘባቸው ድምፅ ሰጡ። ፒየር ቡርዲዩ በጥቂቶች ዘንድ ብቻ በሚከበር ጥበብ ውስጥ የገበያ ሽንፈት የክብር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ጽፏል፤ የድሬድ ወዳጆች ይህን ክብር ወድደው አልተቀበሉትም፤ ገበያውን በራሱ ሕግ ሊረቱት ሞከሩ። ያገኙት በ2014 የፊልሙን ታሪክ የቀጠለ ኮሚክ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ተከታይ ቢሠራለት ይገባው ነበር የምለው ይኸው ድሬድ ነው። አሌክስ ጋርላንድ የጻፈው ታሪክ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ ያልቃል፤ ለነገ ያስቀመጠው ቁራጭ የለም፤ ሰልጣኟ ዳኛ አንደርሰንም ስትገባ ከነበረችው የተለየች ሰው ሆና ትወጣለች። «ሱፐርማን ሪተርንስ» በበኩሉ ካስገባው ገንዘብ ይልቅ በተሸከመው ዕዳ ተፈርዶበታል። «ግሪን ላንተርን» ግን የተፈረደበት በትክክል ነው።