የኮምፒውተር ሰላምታ በማን ቅኝት?

በሁለት ሺዎቹ ዓመታት፣ በካርቱም ዴም ሰፈር ከነበሩት ኢንተርኔት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ መብራት የጠፋበት ሰው፣ መብራቱ ሲመለስ ይሰማ የነበረውን አይዘነጋውም። መጀመሪያ የቬንትሌተሩ ክንፎች መዞር ይጀምራሉ። ቀጥሎ ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ይነሡና ያችን የዊንዶውስ ኤክስፒ ዜማ ያሰማሉ፤ አንደኛው ሲጨርስ ሁለተኛው ይቀበላል፣ ዕድሜው የገፋው ሦስተኛው ደግሞ ዜማውን እኩሌታ ላይ አንጠልጥሎ ይንተባተባል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ካለ ቤተ ሰቡ ጋር ሊነጋገር የመጣው ደንበኛ ያንን ዝብርቅርቅ ዝማሬ የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ መብራት መጣ፣ መስመሩም ሊገኝ ነው።

በዚያ ድምፅ ውስጥ የአቀናባሪ እጅ እንዳለበት፣ ታስቦበትና ተመክሮበት የተሠራ የሙዚቃ ሥራ እንደ ሆነ ልብ ያለ ግን ጥቂት ነው። የመነሻ ድምፅ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ሶፍትዌር ሥራውን ሲጀምር የሚያሰማው አጭር ዜማ ነው። አንድ ዘፈን ተወዳጅ ሲባል በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሰማው ይባልለታል፤ እነዚህ ጥቂት ሴኮንዶች ግን በአንድ ሰው ጆሮ ብቻ በሺህ ጊዜ ያልፋሉ። ይህን ያህል የተደመጠ ሙዚቃ አንድም ጊዜ ሳይተች መቅረቱ የሚያስገርም ነው፤ ምናልባት ማንም መርጦ ስላልሰማው ይሆናል።

ከሁሉ የታወቀው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ለዊንዶውስ 95 የሠራው ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ኢኖ አምቢየንት ለሚባለው፣ ክፍሉን እንደ ዕጣን ጢስ ሞልቶ አድማጩን ግን ቁጭ ብለህ ስማኝ ለማይል የሙዚቃ ዓይነት ስም ያወጣለት ሰው ነው። ማይክሮሶፍት ሥራውን ሲያዝዘው ረጅም የቅጽል ዝርዝር አስይዞት ነበር፤ ድምፁ አነቃቂ ይሁን፣ ዓለም አቀፍ ይሁን፣ ተስፋን ያዘለ ይሁን፣ ስሜት ይንካ የሚል፤ በመጨረሻም ርዝመቱ ከሦስት ሴኮንድ ከሩብ አይብለጥ የሚል። ኢኖ ራሱ እንደ ተናገረው 84 ያህል ትንንሽ ድርሰቶች ሠርቶ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ተመረጠ። የተመረጠውም ከታዘዘው ረዝሞ ወደ ስድስት ሴኮንድ ይጠጋል። ከዓመታት በኋላ ሥራውን የሠራው በማይክሮሶፍት ተፎካካሪ በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ መሆኑን ሲናገር፣ ነገሩ ከቀልድ አልፎ ለታሪክ የሚበቃ ሆነ።

ሥራው ውብ ነው። እንደ ደወል የጠሩ ድምፆች ከፍ ብለው ይወጡና በስተኋላቸው እንደ ጭጋግ የሚዘረጋ ጥላ ይተዋሉ፤ ዜማው ወደ ቤቱ ተመልሶ አይቀመጥም፣ ተንሳፎ ይቀራል። የጥያቄ መልክ አለው። መልሱ የተጠቃሚው ሥራ ነው የሚል ይመስላል። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ይሁን የሚለው ቅጽል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የዴሙ ካፌ አድማጭ ቢጠይቅ ያምርበታል፤ ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመው ደግሞ የሌላው ቤት፣ የማኪንቶሹ ታሪክ ነው።

በአፕል ኩባንያ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ጂም ሪክስ በሰማንያዎቹ መጨረሻ የነበረውን የመነሻ ድምፅ አጥብቆ ይጠላው ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዳ ድምፁ ትራይቶን ነው ይላል፤ ይህም ሦስት ሙሉ የድምፅ እርምጃ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች ጥምረት ሲሆን፣ አውሮፓውያን የሙዚቃ ሊቃውንት የሰይጣን ክፍተት እያሉ ሲያሙት የኖሩት ነው። ያ ዘመን ደግሞ ማሽኑ በየጊዜው እየተሰናከለ እንደ ገና የሚነሣበት ዘመን ስለ ነበር፣ ሥራው የጠፋበት የተናደደ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያ ነገር ያ ድምፅ መሆኑ ሪክስን አሳመመው። ቤቱ ውስጥ በኮርግ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ሁለት እጁን እስከ ቻለው ዘርግቶ ሰፊ የሲ ሜጀር ኮርድ ተጫወተና ቀዳው። አለቆቹ አልጠየቁትም ነበር፤ መሐንዲሶቹም አልወደዱለትም። እንዲያም ሆኖ በ1991 በወጣው ኳድራ በተባለው ማሽን ውስጥ ሾልኮ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ማኪንቶሽን ማኪንቶሽ ያሰኘው ይኸው ድምፅ ሆነ።

ይህ ሰው የቅኔ ቤት ያልገባ ባለቅኔ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ሥራም አለው። አፕል ኮምፒውተር የቢትልስ ንብረት ከሆነው አፕል ከሚባለው የሙዚቃ ድርጅት ጋር በስም ይካሰስ ነበርና፣ የሕግ ክፍሉ ሰዎች ለአንድ አጭር የማስጠንቀቂያ ድምፅ የተሰጠው ስም ሙዚቃ ሙዚቃ ይላል ብለው ተቃወሙ። ሪክስ ሶሱሚ አለው፤ የጃፓን ቃል ነው፣ ከሙዚቃ ጋር አይገናኝም ብሎም አሳለፈ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ጆሮ ለሰማው ግን «እስቲ ክሰሱኝ» ማለት ነው። ሰሙ ጃፓንኛ፣ ወርቁ ለጠበቆቹ!

ወደ ቁም ነገሩ ለመመለስ፣ የሪክስ ጥላቻ አንድ የኢትዮጵያ አድማጭ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለበት። አንቺሆዬ ቅኝትን ያነሣ ሰው የመጀመሪያውንና አራተኛውን ድምፅ አብሮ ቢመታ የሚያገኘው ያንኑ የሰይጣን ክፍተት ነው። አምባሰልም በሁለተኛውና በአራተኛው ድምፅ መካከል ይኸው አለው። የክራር አቃኛኘት ከፒያኖ ጋር ተለክቶ ባይገጥምም ነገሩ ያው ነው። እንግዲህ አንቺሆዬ የሙሽራ ቅኝት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሠርግ ዘፈን ሲሆን፣ ጎጃምም ጎንደርም ወሎም ሲጨፈርበት ሰይጣን ታየኝ ያለ ሰው አልተሰማም። ካሊፎርኒያ ላይ ሰውን የሚያውክ ተብሎ የተጣለው ክፍተት እዚህ ሙሽራ ያስወጣል። «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቅጽል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበትና፣ የሪክስ ኮርድ ለኛ ጆሮ ባዕድ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። የሲ ሜጀር ሦስቱም ድምፆች በሙሉው ትዝታ ውስጥ አሉ። የሱዳንም ዘፈን አብዛኛው በዚሁ ግማሽ እርምጃ በሌለበት ባለ አምስት ድምፅ ስልት የተሠራ ነው፤ መሐመድ ዋርዲ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ጥላሁን ገሠሠም ሱዳን ውስጥ እንደ አገር ልጅ የተደመጡት፣ ሁለቱም ካረፉ በኋላ ዛሬም የሚደመጡት፣ ቃሉ ባይገባ እንኳ ጆሮው መንገዱን ስለሚያውቀው ነው። ስለዚህ የማኪንቶሹ ድምፅ ካርቱም ላይ ቢሰማ በሩ ክፍት ነበር። በካፌው ጠረጴዛ ላይ አለመኖሩ የዋጋ ጉዳይ እንጂ የጆሮ ጉዳይ አልነበረም።

እነዚህን ድምፆች እንደ ዘፈን መመዘን ግን ሳያሳስት አይቀርም። ክራር ደርዳሪ ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት ጅማቶቹን ይነካካል፣ ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ደኅና መሆናቸውን ሲያረጋግጥ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይደረድርና ዝም ይላል። ይህ መቃኘት ነው፤ ቅኝትም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አድማጩ ከዚያች አጭር ድርደራ መሣሪያው መዘጋጀቱንም፣ በምን ስሜት ሊዘፈን እንደ ሆነም ያውቃል። የማኪንቶሹ ኮርድ በትክክል ይህ ነበር፦ ማሽኑ ገና ስክሪኑ ሳይበራ የራሱን አካላት ይመረምራል፣ ጉድለት ካላገኘ ኮርዱን ያሰማል፤ ጉድለት ካገኘ ሌላ፣ የኀዘን ድምፅ ነበረው። ድምፁ እውነት ይናገራል ማለት ነው። የዊንዶውስ ዜማ ግን የሚመጣው ዘግይቶ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ወይም ሊያልቅ ሲል፣ የሥራ ገጹ ሲከፈት ነበር። እንግዳው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ «ይግቡ» እንደ ማለት ነው። ቢል ብራውን ከሙያ አጋሩ ጋር ለኤክስፒ በ2001 የሠራው ያ ሰፊ፣ የፊልም ሙዚቃ የሚመስል ዜማ፣ ማሽኑ ገና መቶ ነገር እየከፈተ በሚያቃስትበት ሰዓት ስለሚለቀቅ ነበር በአሮጌ ኮምፒውተር የሚንተባተበው። ያ መንተባተብ፣ ለትችት የሚያስቸግር ቢሆንም፣ ከዜማው ይልቅ ስለ ማሽኑ እውነቱን ይናገር ነበር።

ከሁሉ ደካማው የቪስታ ነው፤ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው። ሮበርት ፍሪፕን የመሰለ ታላቅ ጊታረኛ ተጠርቶ ብዙ ሰዓት ተቀድቶ፣ የተገኘው አራት ሴኮንድ፣ አራት ኮርድ ነው። አራት የሆነበት ምክንያት በኩባንያው ባንዲራ ላይ ያሉት ቀለሞች አራት ስለሆኑ ነው፤ ምቱም የምርቱን ስም ሲጠሩት የሚሰማውን እንዲከተል ተደርጓል። የአማርኛ ገጣሚ ቢሆን ቀለም በሚለው ቃል ብቻ፣ የዓይኑንም ቀለም የስንኙንም ቀለም በአንድ መቶ ጊዜ ፈቶት ባለፈ ነበር። ችግሩ ሐሳቡ መብዛቱ ነው። የንግድ ምልክትን በድምፅ መተርጎም ሙዚቃ አይሆንም፤ ማኅተም ይሆናል። ከመውጣቱ በፊት ተጠቃሚው ሊዘጋው እንዳይችል ታስቦ እንደ ነበርና ተቃውሞ ሲበዛ ብቻ መዝጊያው እንደ ተፈቀደ ሲታወስ፣ የማኅተምነቱ ነገር ይጎላል።

ያው ቪስታ ግን ለአማርኛ ባለውለታ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቁጥር ካገኘ በኋላ፣ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ፊደላችንን የሚያሳይ ኒያላ የተባለ የፊደል ቅርጽ ይዞ የወጣው እርሱ ነው። ስሙ ከደጋችን አጋዘን የተወሰደ ነው፤ ካርቱም ላይ ግን ኒያላ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው የዳርፉርን ከተማ ነበርና ስሙ ሁለት ጊዜ የጎረቤት ሆነ። እንግዲህ ዓይን ድርሻውን አገኘ፤ ፊደሉ ተሠራ። ጆሮ ግን አልተጠየቀም። በሱዳን ላይ ደግሞ ከ1997 እስከ 2017 የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ጸንቶ ስለ ነበር፣ የአሜሪካ ኩባንያ ሸቀጡን ሊሸጥላት በማይችላት ከተማ ውስጥ ዕለት ዕለት በሰላምታ ድምፁ ብቻ ይኖር ነበር፤ ባለቤቱ የማይሸጥለት ደንበኛ በማለዳ «እንኳን ደኅና መጡ» ይባላል።

ከአፍሪካ የተነሣ ሙከራ አልነበረም እንዳይባል፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልወርዝ በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ በመጀመሪያ እትሞቹ የከበሮ ምት ያሰማ ነበር። ሐሳቡ የተመሰገነ ነው፤ ከበሮው ግን የማንም አይደለም። ከዳካር እስከ ኬፕታውን ለሁሉ እንዲሆን ተደርጎ የተመታ ከበሮ የጎንደር ደብተራም የኦምዱርማን መዲሕ ዘማሪም የኔ ነው አይለውም።

ታዲያ በቅኝት ይሠራ ቢባልስ? ቀላል አይደለም። በገና አይሆንም፤ ያ የእንዚራው ጥልቅ ንዝረት በላፕቶፕ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አይወጣም፣ ዝንብ የገባበት ጠርሙስ ይመስላል። ትዝታ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ካርቱም ላይ ለሚኖር፣ እናቱን ለዓመታት ላላየ ሰው፣ መብራት በጠፋ በመጣ ቁጥር በቀን አምስት ጊዜ የትዝታ ሐረግ መስማት ሰላምታ ሳይሆን ቅጣት ነው። የሚሻለው ክራር፣ እርሱም ዘፈን ሳይሆን ያች የመቃኛ ድርደራ፣ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። አንቺሆዬ ቢሆን የሪክስን የተጠላ ክፍተት ሙሽራ አድርጎ ይመልሰዋል።

ካርቱም ራሷ ለዚህ ሥራ ትምህርት ቤት ነበረች። ከ1940 ጀምሮ የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥርጭቱን ሲያስተዋውቅ «ሁና ኦምዱርማን» ይላል፤ እዚህ ኦምዱርማን ነው ማለት ነው። ሁለት ቃል ነው፤ ማን እንደሚናገር፣ ከየት እንደሚናገር ይነግራል፣ ቅጽል የለበትም። የዓለም አቀፍነት ዕቅድ ሳይኖረው በመላው ሱዳን የታወቀ ሰላምታ ሆነ። ኢኖ የተሰጠው ዝርዝር ውስጥ «ከየት ነህ» የሚል ጥያቄ ቢኖርበት 84ቱ ሙከራዎች ምን ይመስሉ እንደ ነበር መገመት ደስ ይላል።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ዝምታን መረጠ። ዊንዶውስ 8 በ2012 የመነሻ ድምፁን ዘግቶ ወጣ፤ አፕልም በ2016 ከአዳዲስ ማሽኖቹ አነሣው። ሁለቱም መልሰው ጸጸታቸው፤ አፕል በ2020፣ ማይክሮሶፍት በ2021 ድምፁን መለሱ፣ አሁን ግን በዝግታና በለሆሳስ። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኢኖን ድምፅ ለትውልድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው የተቀዱ ድምፆች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ አስገባው። የዴሙን ካፌ ከነቬንትሌተሩ፣ ደንበኞቹንም በየአቅጣጫው የበተነው ጦርነት ካርቱም ላይ ከተነሣ በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። መዝገቡ የያዘው በዝግ ክፍል የተቀዳውን፣ የጠራውን ስድስት ሴኮንድ ነው።