ሕዝበ ውሳኔ ኢጅማዕ ነውን? የግብፅ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 እንደ ማሳያ

ስለ እስልምናና መንግሥት በሚጻፉ ጽሑፎችም ሆነ በመስጂድ ትምህርቶች፣ የግብፅ ሕዝበ ውሳኔዎች የኡማው ስምምነት ማስረጃ ተደርገው ሲጠቀሱ ይስተዋላል። “ሕዝቡ ሸሪዓን መረጠ” የሚለው አባባል የዚህ አረዳድ ውጤት ነው። አረዳዱ የሕዝቡን መልስ ይቆጥራል፤ የቀረበለትን ጥያቄ ግን አይመረምርም።

እ.ኤ.አ. በ1971 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የእስላማዊ ሸሪዓን መርሆዎች “አንድ ዋና” የሕግ ምንጭ አድርጎ ደነገገ። በ1980 አንቀጹ ተሻሽሎ “ዋነኛው ምንጭ” ሆኑ። ይሁን እንጂ በዚያው ሕዝበ ውሳኔ አንቀጽ 77 ተሻሽሎ የፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን ገደብ ተነሣ። ሸሪዓን ሽቶ “አዎ” ያለውን ሰው፣ ገደብ የለሽ ሥልጣንን ከደገፈው ለይቶ የሚያሳውቅ ቆጠራ የለም።

የአንቀጹን ትርጉም የወሰነውም ድምፅ ሰጪው አልነበረም። የላዕላይ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1985 በአል-አዝሃር የወለድ ክርክር፣ የተሻሻለው አንቀጽ ከማሻሻያው በኋላ የሚወጡ ሕጎችን ብቻ እንደሚገዛ ፈረደ። በ1993 ደግሞ ቀጥዒይ የሆኑትን ድንጋጌዎች ለኢጅቲሃድ ክፍት ከሆኑት ለየ።

በ2011 አንዳንድ ሰባኪዎች “አዎ” ማለትን ለእስልምና መቆም፣ “አይደለም” ማለትን ሃይማኖትን መጻረር አድርገው አቀረቡ። አንቀጽ 2 ግን በዚያን ጊዜ ለድምፅ ከቀረቡት አንቀጾች መካከል አልነበረም። በ2012 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሸሪዓን መርሆዎች በአንቀጽ 219 አብራራ፤ የመራጩ ተሳትፎ ከመቶ 33 ገደማ ነበር። በ2014 አንቀጽ 219 ወጥቶ አዲሱ ሕገ መንግሥት ከመቶ 98 በሚሆን ድምፅ ጸደቀ። ሕዝበ ውሳኔ ኢጅማዕ ከሆነ የትኛው ኢጅማዕ የትኛውን ሻረ?

በኡሱል አል-ፊቅህ ኢጅማዕ የአንድ ዘመን ሙጅተሂዶች በአንድ ሸሪዓዊ ብይን ላይ መስማማት ነው። እንደ አብዛኞቹ ዑለማኦች አቋም የብዙኃኑ ድምፅ እንኳ ኢጅማዕ አይባልም። ሹራም ቢሆን ቦታው ከውሳኔ በፊት ነው፤ በኣሊ ዒምራን 159 ምክክር ይቀድማል፣ ቁርጠኝነት ይከተላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኡሑድ ዋዜማ ሰሓቦቻቸውን ያማከሩት ከመዲና ለመውጣት ሳይወስኑ ነበር። ሕዝበ ውሳኔ ግን ብዙውን ጊዜ ተረቅቆ ያለቀን ነገር ይዞ ይመጣል።

“ሕዝብ ከናካቴው ሳይጠየቅ ከሚቀር ቢጠየቅ አይሻልምን?” የሚል ይኖራል። ይሻላል፤ በ2011 ለሰዓታት ተሰልፎ የጠበቀው ግብፃዊ አደራውን ተወጥቷል። ሆኖም ድምፁ የፖለቲካ ውል እንጂ ሸሪዓዊ ብይን አይደለም። ውል ደግሞ የሚዋዋሉበት ነገር ግልጽ መሆንና ያልተገደደ ፈቃድ ይሻል።

ይህን ልዩነት ማስተማር የመምህራንና የኢማሞች ኃላፊነት ነው። ሚንበር ላይ የቆመ ሰው የ“አይደለም” ድምፅን ከእምነት መጉደል ጋር ካያያዘ፣ አላህ ኃጢአት ያላደረገውን በምእመኑ ኅሊና ላይ ይጭናል። ነገ ያው ሕዝብ በሌላ ጥያቄ ሌላ መልስ ሲሰጥም፣ ሸሪዓው ራሱ የተሸነፈ ያስመስላል። ወላሁ አዕለም።