«ተምሳሌታዊ አገናኝ» ስለ ተባለው ስያሜ

በኮምፒዩተር ሙያ «ሲምቦሊክ ሊንክ» የሚባለውን «ተምሳሌታዊ አገናኝ» ብሎ መተርጐም ቃል በቃል ሲታይ እንከን የለበትም፤ ነገር ግን የነገሩን ጠባይ ይሸፍናል። ተምሳሌት አንዱ በሌላው መመሰሉን ይገልጻል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በበርክሊ ዩኒክስ 4.2 የተሠራጨው ይህ ዘዴ ግን የሌላ ፋይል ወይም ማውጫ አድራሻን በጽሑፍ የያዘ መጠቆሚያ ነው እንጂ ምሳሌነት የለውም።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ፍቺ ሳይሰጠው «እገሌን ተመልከት» ተብሎ የሚታለፍ ቃል ይህንኑ ይመስላል፤ የተጠቆመው ቃል ከመዝገቡ ቢወጣ ጠቋሚው መድረሻ ያጣል። «ሀርድ ሊንክ» የሚባለው ግን እንደ አንድ ሰው የክርስትና ስምና የቤት ስም ነው፤ አንዱ ቢቀር በሌላው ይጠራል። ስለሆነም የፊተኛው «ጠቋሚ ስም»፣ የኋለኛው «ተጨማሪ ስም» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ከስያሜው ይልቅ የሚከብደው ግን የግሡ ነገር ነው። ከማውጫ ወደ ወላጅ ማውጫ መሄድን በደፈናው «ተመለስ» ማለት ጉዳት ያመጣል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም በሥሩ ክፍለ ከተሞች ሆኑ። አንድ መዝገብ ቤት የሰበታን ሰነዶች ወደ «ሸገር» ማውጫ አዛውሮ፣ የቀድሞውን አድራሻ ለለመዱ ሠራተኞች በ«ልዩ ዞን» ማውጫ ውስጥ «ሰበታ» የሚል ጠቋሚ ስም ተወላቸው እንበል። በዚህ ጠቋሚ የገባ ሠራተኛ ወደ ወላጁ ልሂድ ቢል የት ይደርሳል? በሊኑክስ የተለመደው ትእዛዝ በመጣበት መንገድ ወደ «ልዩ ዞን» ይወስደዋል። ነገር ግን እዚያው ሰበታ ላይ እንዳለ ወላጁን በሁለት ነጥብ ጠቅሶ «ዝርዝር» የተባለ ፋይል ቢደመስስ፣ የሚጠፋው በ«ሸገር» ውስጥ ያለው ነው፤ የመደምሰሻው ትእዛዝ የሚከተለው እውነተኛውን ወላጅ ነውና። ዊንዶውስ በበኩሉ ሁለቱን ነጥብ ከተጻፈው አድራሻ ላይ ስለሚፈታ፣ ሁለቱም ጊዜ ወደ «ልዩ ዞን» ያደርሳል። እንግዲህ «ተመለስ» የሚለው አንድ ቃል ለሁለት መድረሻ ዋለ፤ መመሪያውን አምኖ የሠራውም ሰው ሰነዱን አጣ።

አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም። ከአየር ጤና ተሳፍሮ ሰበታ የሄደ ሰው «ተመለስ» ቢሉት ወደ አየር ጤና ይመጣል እንጂ ወደ ሸገር ከተማ አስተዳደር አይሄድም። መመለስ የመጡበትን መንገድ ይከተላል። «ወጣ» ግን ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድንም ከታች ወደ ላይ መሄድንም አጣምሮ ስለያዘ፣ ወደሚያቅፈውና ከበላዩ ወዳለው ማውጫ መሄድን በሚገባ ይገልጻል። ስለዚህ ተርጓሚው በመጡበት ሲሆን «ተመለስ»፣ ወደ እውነተኛው ወላጅ ሲሆን «ውጣ» ይበል፤ ትእዛዙ የትኛውን እንደሚፈጽም ሳያጣራም ብዕሩን አያንሣ።