ሥዕል የማይችለውስ ልጅ? ስለ «ታሬ ዛሚን ፓር» ፊልም የቀረበ ሂስ

የሕንድ ፊልም በአገራችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ እንግዳ ነው። ስለዚህ አሚር ካን እ.ኤ.አ. በ2007 ያዘጋጀውንና ራሱም መምህር ሆኖ የተጫወተበትን «ታሬ ዛሚን ፓር» ከአንባብያን ብዙዎቹ ሳያዩት አልቀሩም። ድርሰቱ የአሞል ጉፕቴ ሲሆን፣ የስሙ ትርጓሜ «ከዋክብት በምድር ላይ» ማለት ነው። ፊልሙን አይቶ ያላለቀሰ ተመልካች ጥቂት ነው፤ እኛም አልቅሰናል። ነገር ግን የሂስ ሥራ የሚጀምረው ዕንባው ከደረቀ በኋላ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ኢሻን አዋስቲ የተባለ ትንሽ ልጅ ፊደላት በዓይኑ ፊት እየጨፈሩ ማንበብ ያቅተዋል። ወንድሙ በትምህርቱ የተመሰገነ ስለ ሆነ፣ አባቱ የኢሻንን ድካም ስንፍና ነው ብሎ ከቤት አርቆ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሰደዋል። በዚያም ኒኩምብ የሚባል የሥዕል መምህር ችግሩን ያውቅለታል፤ ያስተምረዋልም። በመጨረሻ ልጁ በሥዕል ውድድር አንደኛ ይወጣል፤ ሥዕሉም በትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሐፍ ሽፋን ላይ ይታተማል።

ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ክፍል፣ መምህሩ ወደ ልጁ ቤት ሄዶ በሩቅ ምሥራቅ ፊደል የተጻፈበትን ሣጥን ለአባትየው ሰጥቶ «አንብብ» የሚልበት ነው። አባትየው አልችልም ሲል መምህሩ እንደ አጥፊ ይቈጣዋል። ብዙ ንግግር ሊያስረዳው የማይችለውን ነገር ይህ አንድ ሣጥን አስረዳ። ዲስሌክሲያ የአእምሮ ማነስ አይደለምና፤ የተጻፈውን ምልክት ከድምፁ ጋር ፈጥኖ የማገናኘት ችግር ነው። ፕሪንግል ሞርጋን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲጽፍ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ ብልህ ይሆን እንደ ነበር መምህሩ መመስከሩን ገልጧል።

ቅሬታችን ግን ከዚህ ይጀምራል። ፊልሙ ልጁ እንዲከበር ሥዕልን እንደ ካሳ ያስከፍለዋል። መምህሩ ለተማሪዎቹ እነ ዳ ቪንቺንና አይንስታይንን እየጠራ ያጽናናቸዋል፤ አይንስታይን ይህ ችግር እንደ ነበረበት ግን የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ይልቁንም ጥያቄው ሌላ ነው፤ ማንበብ ያቃተው፣ ሥዕልም የማይችለው ልጅ ምን ይሁን?

ይህን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ጓደኛ ነበረን። ጧት ጧት የሚነበበውን ምዕራፍ ከጎረቤቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምቶ በቃሉ ይይዝና፣ ተራው ሲደርስ መጽሐፉን ገልጦ እንደሚያነብ ሆኖ ይወጣው ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ቀርቦ ቢያይ የተገለጠው ሌላ ገጽ ኖሯል። ልጁ እንደ አታላይ ተቈጥሮ በክፍሉ ፊት ተንበረከከ፤ እኛም ሳቅን። ያ ልጅ አይሥልም፣ አይዘፍንም፣ በእግር ኳስም የታወቀ አልነበረም። ትምህርቱንም ሳይጨርስ ቀረ። ችግሩ ይኸው መሆኑን ለመወሰን እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ምዕራፍ በጆሮው የሚይዝ ልጅ ሰነፍ አለመሆኑን ሳንረዳ መቅረታችን ዛሬ ያሳፍረናል።

ሁለተኛው ጉድለት መሣሪያዎቹን ይመለከታል። በአሸዋ ላይ በጣት መጻፍ፣ ከጭቃ ቅርጽ ማበጀት፣ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ማስላት፣ እነዚህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሙዚቃ ታጅበው ያልፋሉ። ዓይንን፣ ጆሮንና እጅን አስተባብሮ ማስተማር አሜሪካውያኑ ኦርተንና ጊሊንግሃም ያስፋፉት፣ ብዙ ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ችግሩም ከልጅነት ጋር የሚያልፍ አይደለም፤ ሰውየው ይለምደዋል እንጂ አይለቀውም። ስለዚህ የየዕለቱ ረዳቶች ከሽልማት ይልቅ ይጠቅሙታል፤ ከመስመሩ ሥር የሚያዝ ካርቶን፣ ሰፋ ተደርጎ የታተመ ወረቀት፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ፣ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ጓደኛ፣ በፈተናም ተጨማሪ ሰዓት።

የኢሻን ችግር በላቲን ፊደል የታየ ነው። በእኛ ፊደል መልኩ ይለያል። ከ33ቱ እያንዳንዱ በሰባት እየተባዛ 231 ይሆናል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ቅጥላቸው አንዱ ከወገብ፣ አንዱ ከእግር በመሆኑ ብቻ ነው፤ ሳድሱ ደግሞ አንድ ወጥ ደንብ የለውም። «አለ» የሚለውም ቃል ጠብቆ ይነበብ ወይም ላልቶ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያሉ ገበታውን በዜማ መውረድ ለጆሮ መልካም ነው፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ የሚቅበዘበዘውን ልጅ ግን ሸሽጎ ያሳልፈዋል፤ ጓደኛችንንም የሸሸገው እንዲሁ ያለ ልማድ ይመስለናል። መምህር ፊደሉን ከተራው አውጥቶ፣ አንድ በአንድ እያስነካና እያጻፈ ቢጠይቅ ችግሩ ቶሎ በተገለጠ ነበር።

ፊልሙን እንዲያዩት ጓደኞቻችንንና መምህራኖቻችንን እንጋብዛለን፤ ልብ ያራራልና። ነገር ግን የራራው ልብ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ሥዕል የሚችለውን ልጅ ብቻ እንዳይፈልግ እንለምናለን። መከበር የሽልማት ዋጋ አይደለም፤ ያ የተንበረከከው ጓደኛችን ምንም ሳያሸንፍ ይገባው ነበር።