ቫይታሚን ዲ ለክሮንስ በሽታ፦ የዴንማርኩ ጥናት ሲመረመር

ቫይታሚን ዲ የአንጀት ብግነትን ያስታግሣል የሚሉ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት፣ ዮርገንሰንና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትን ጥናት ነው። ጥናቱ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ክሮንስ በሽታቸው ጋብ ያለላቸውን 94 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን በየቀኑ 1200 ዩኒት ቫይታሚን ዲ3፣ ለሌላው ፕላሴቦ ለአንድ ዓመት ሰጥቷል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አያውቁም ነበር። በሽታው ከ46ቱ የቫይታሚን ወሳጆች በ6ቱ (13 ከመቶ)፣ ከ48ቱ የፕላሴቦ ወሳጆች ደግሞ በ14ቱ (29 ከመቶ) ላይ አገረሸ።

ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ሆኖም የፒ ዋጋው 0.06 ነው። ከቫይታሚን ወሳጆቹ በ4 ተጨማሪ ሰዎች ላይ ብቻ ቢያገረሽ ኖሮ፣ 13 ከመቶው ወደ 22 ከመቶ ያሻቅብ ነበር። አጥኚዎቹ ይህን ዋጋ አልሸሸጉም፤ የሚዘነጉት ጠቃሾቻቸው ናቸው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በቫይታሚን ወሳጆቹ ደም ውስጥ የነበረው የ25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ መጠን ሲጀመር በአማካይ 69 ናኖሞል በሊትር ነበር፤ በሦስት ወር 96 ደረሰ። እጥረት የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ50 በታች ሲሆን ነው። እንግዲህ ጥናቱ እጥረትን ማከም የበሽታውን ማገርሸት ይከላከል እንደሆነ አልፈተነም።

እጥረቱ በእነዚህ ሕሙማን ላይ አዘውትሮ መታየቱም ምክንያትነቱን አያረጋግጥም። የተጎዳ ወይም ተቆርጦ የወጣ ትንሹ አንጀት በስብ የሚሟሙ ቫይታሚኖችን በሚገባ አይመጥም፤ በተቅማጥ የተያዘ ሰው ፀሐይ ሊሞቅ አይወጣም፤ ብግነቱ ራሱም በደም የሚለካውን መጠን ዝቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማም ማገርሸቱ ሊቀንስ እንደሚችል ቢጠቁም፣ የማስረጃው አስተማማኝነት ዝቅተኛ መሆኑን ገልጿል።

ይህ ማለት ቫይታሚኑ አይታዘዝ ማለት አይደለም። ፕሬድኒሶሎን ለሚወስድ ሕመምተኛ የአጥንት መሳሳት እውነተኛ ስጋት ስለሆነ እጥረትን መለካትና ማከም ተገቢ ነው። የምቃወመው ሕመምተኛው አዛታዮፕሪኑን አቋርጦ በቫይታሚኑ እንዲተማመን መምከርን ነው። በሀገራችን ደግሞ ክሮንስ መስሎ የቀረበው የአንጀት ቲቢ ሊሆን ይችላል። በቲቢ የተለከፈ አካል ውስጥ ያሉ ማክሮፋጆች ቫይታሚን ዲን ራሳቸው ወደ ንቁ ሆርሞን ስለሚለውጡት፣ በርከት ያለ መጠን ሲታዘዝ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ሊያልፍ ይችላል።