የሯጭ ወኔ ከየት ይመጣል? በሁለት ፊልሞች ላይ የቀረበ ሂስ

በአገራችን ስለ ስፖርት ብዙ ይነገራል፤ ጥቂት ይጻፋል፤ ተመርምሮ የሚጻፈው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። አንድ ሯጭ ያሸነፈ እንደ ሆነ «ወኔ ያለው ነው» ይባላል፤ የተሸነፈ እንደ ሆነ ደግሞ «ወኔ ከዳው» ይባልና ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ይህ አነጋገር መልስ ቢመስልም መልስ አይደለም። የወኔው ማስረጃ ድሉ፣ የድሉም ምክንያት ወኔው ከሆነ አንዱን በሌላው ከመተርጐም በቀር ያወቅነው አዲስ ነገር የለም። ሰው እንዲሮጥ፣ ሮጦም እንዲወዳደር፣ ተሸንፎም ወደ ልምምዱ እንዲመለስ የሚያደርገው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የፈለግን እንደ ሆነ፣ በሯጩ ደረት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ሰዎችና ባደገበት ማኅበር ዘንድ ጭምር መፈለግ ይገባናል።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ብሪታንያዊው ሌስሊ ውድሄድ ያዘጋጀውና በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» ነው፤ ትርጓሜውም ጽናት ማለት ነው። ሁለተኛው ጄሪ ሮትዌል ያዘጋጀውና በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ»፣ ማለት «የሯጮች ከተማ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ፊልሞች የሚነሡት ከአርሲ ምድር ነው፤ የሚጠይቁትም ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚሰጡት መልስ ግን የተለያየ ነው። የዚህ ሂስ ዓላማ ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ መሆኑን፣ ዳሩ ግን እርሱም ቢሆን አንድ ትልቅ ነገር መተዉን ለማስረዳት ነው።

«ጽናት» የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ታሪክ የሚናገር ነው። ኃይሌ በ1973 በአርሲ፣ በአሰላ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትርን ውድድር በ27 ደቂቃ ከ7.34 ሰከንድ አሸነፈ። ፊልሙ የተሠራው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን መንገድ ለማሳየት ነው። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይጫወታል፤ የልጅነቱንም ታሪክ ከሚያሳዩት መካከል የገዛ ዘመዶቹ ይገኛሉ። ይህ የሚመሰገን ነው። የአርሲን ገበሬ አኗኗር፣ የእናትን ሞትና ሞቱ በቤቱ ውስጥ ያሳደረውን ጸጥታ ከሌላ አገር የመጣ ተዋናይ ሊያሳየው በማይችለው አኳኋን ያሳዩናል። አባት የልጁን ሩጫ አለመውደዱም እንደ ክፋት ሳይሆን እንደ አባት ጭንቀት ሆኖ ይታያል።

ዳሩ ግን ፊልሙ ከርእሱ ጀምሮ የያዘው አሳብ ድሉ ከአንድ ልጅ ልብ የፈለቀ ጽናት ፍሬ ነው የሚል ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ በተመልካች ዓይን የሚቀረው ሥዕል በሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚሮጥ ልጅ ነው። ኃይሌ ወደ ተማሪ ቤት ለመሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበረ፣ በውድድርም ጊዜ ግራ ክንዱን የሚያጥፈው በልጅነቱ ደብተር ይይዝበት ስለ ነበረ ነው መባሉ በዓለም ሁሉ የታወቀ ታሪክ ሆኗል።

ይህ አሳብ ፈጽሞ መሠረት የሌለው ነው ማለቴ አይደለም። በኢትዮጵያ ታላላቅ ሯጮች ላይ ተደርጎ በ2003 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከማራቶን ሯጮች መካከል ከአርሲና ከሸዋ የተገኙት፣ ወደ ተማሪ ቤትም በሩጫ ይመላለሱ የነበሩት ቍጥራቸው ሯጭ ካልሆኑት ሰዎች ጋራ ሲመዛዘን የበለጠ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። ነገር ግን ወደ ተማሪ ቤት እየሮጠ ያደገው ልጅ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ለኦሊምፒክ የበቃው እጅግ ጥቂት ነው። መንገዱ ሳንባንና እግርን ያበረታል፤ የመወዳደርን ፍላጎት ግን አይሰጥም። ተማሪው የሚሮጠው ደወሉ እንዳይቀድመው እንጂ ጓደኛውን ለመቅደም አይደለም። መሮጥና መወዳደር የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ የአንዱ ምክንያት ለሌላው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ስለ አገሩ ከፍታም የሚነገረው እንዲሁ ነው። በሁለተኛው ፊልም የምናያት በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ይሁን እንጂ ደብረ ብርሃንም ከፍታዋ ከዚህ ብዙ አያንስም፤ በኔፓልና በቦሊቪያም ከዚህ በላይ ከፍ ባለ ስፍራ የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ። አየሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ፍሬው ከተለያየ ከአየሩ ሌላ ምክንያት መፈለግ ግዴታ ነው።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ በኃይሌ በራሱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1980 ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ባገኘ ጊዜ ኃይሌ ገና ትንሽ ልጅ ነበረ፤ ወሬውንም በሬዲዮ ሰምቶ እንደ ምሩጽ ለመሆን መመኘቱን ካደገ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ታላቅ ወንድሙም ሯጭ ነበረ። የሥነ ልቡና ሊቅ የሆነው አልበርት ባንዱራ በ1977 እንዳስረዳው፣ ሰው በራሱ ችሎታ ማመንን ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ራሱን የሚመስል ሌላ ሰው ሲሳካለት ማየት ነው። የዚህ ትምህርት ቁልፉ «ራሱን የሚመስል» የሚለው ቃል ነው። የሩቅ ሰው ድል ያስደንቃል፤ የአገር ልጅና የወንድም ድል ግን «እኔስ ምን ያንሰኛል?» ያሰኛል። እንግዲህ ብቻውን ይሮጥ የነበረው ልጅ በአሳቡ ብቻውን አልነበረም፤ ምሩጽ ከፊቱ ይሮጥ ነበር። የሬዲዮው ድምፅ ከሰፊው ሜዳ ያላነሰ ስጦታ ሰጥቶታል።

ሁለተኛው ምክንያት ባልንጀራና ተፎካካሪ ነው። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ በ1898 ባወጣው ጥናት፣ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ብቻቸውን ከሰዓት ጋራ ሲሽቀዳደሙ ይልቅ ከሌላ ሰው ጋራ ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ አሳየ። ሮበርት ዛዮንስ ደግሞ በ1965 ይህን አሳብ አስፍቶ፣ የሌላ ሰው በአጠገብ መገኘት አስቀድሞ በሚገባ የተለማመዱትን ሥራ እንደሚያቀላጥፍ፣ ያልለመዱትን ግን እንደሚያውክ ጻፈ። በአትላንታ ኃይሌና የኬንያው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው መስመር ላይ የተለያዩት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ቴርጋት ባይኖር ኃይሌ ያን ያህል መፍጠኑ ያጠራጥራል። የዛዮንስ ቃል ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ለእኛ የበለጠ ጠቃሚ ነው። ልምምዱ ያልበሰለ ወጣት በብዙ ተመልካች ፊት ሲደናገር ያየን እንደ ሆነ «ወኔ ከዳው» እንላለን፤ የከዳው ግን ወኔው ሳይሆን በጊዜው ያላገኘው ልምምድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ሯጩን የሚያሳድር ቤት ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮማ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ1968 በሜክሲኮ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። ሁለቱም የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ አበበን ያሠለጠኑትም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ማራቶን ድል ከአንድ የጦር ክፍል መገኘቱን በሁለት ሰዎች ጽናት ብቻ መተርጐም አይቻልም። ክቡር ዘበኛ ለወታደሩ ቀለብ፣ የተወሰነ የልምምድ ሰዓት፣ አሠልጣኝና አብሮት የሚሮጥ ባልንጀራ በአንድነት የሚሰጥ ቤት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ጽናትም አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው ይከብዳል።

«የሯጮች ከተማ» ከመጀመሪያው ፊልም የሚበልጠው በዚህ ነው። ይህ ፊልም የተነሣው ከአንድ ጀግና ሳይሆን ከአንድ ከተማ ነው። ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ፊልሙ አሠልጣኙን አቶ ሰንታየሁ እሸቱን በብዙ ልጆች መካከል ቆመው ሲያርሙ፣ ሲቈጡና ሲያበረታቱ ያሳየናል። ከልጆቹም መካከል ሁለት ልጃገረዶችን ለጥቂት ዓመታት ይከታተላል። ለእነዚህ ልጆች ደራርቱ በሩቅ የምትሰማ ስም አይደለችም። በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትርን ወርቅ ወስዳ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ አሸናፊ የሆነችው ሴት እነርሱ በሚሮጡበት አካባቢ የሮጠች፣ እነርሱን በሚያሠለጥኑት ሰው እጅ ያለፈች የአገራቸው ልጅ ናት።

የፊልሙም ዋና ቍም ነገር ልጃገረዶቹ ከከተማቸው ወጥተው ወደ ማሠልጠኛ ከገቡ በኋላ የሚሆነው ነው። የሁለቱ ዕድል ይለያያል፤ አንደኛዋ በገባችበት ስፍራ የጠበቀችውን እንክብካቤ ሳታገኝ ትቀራለች። ከበቆጂ ስትወጣ የነበራት ፍላጎት ከጓደኛዋ ያነሰ አልነበረም፤ የተለወጠው የገባችበት ቤት ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት የሰው መነሣሣት በሦስት ነገሮች ይመገባል፤ እነርሱም በገዛ ፈቃድ መሥራት፣ ችሎታ እያደገ መሄዱን ማወቅና ከሌሎች ጋራ መተሳሰር ናቸው። ከአሠልጣኟና ከጓደኞቿ ተለይታ፣ እድገቷን የሚነግራት ሰው አጥታ የምትኖር ልጅ ሦስቱም ይጐድሉባታል። ከዚያ በኋላ እግሯ ቢዝል ጥፋቱ የእርሷ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ቸኩሏል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የዛሬውን ሯጭ የሚያስሮጠው የሽልማት ገንዘብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» የሚሉ አሉ። ድኻ ቤተ ሰብን ለመርዳት መመኘት እውነተኛና የተከበረ ምክንያት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ደካማ ጌታ ነው። ዴሲ በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ እንቈቅልሽ መሳይ ጨዋታ ሲፈቱ ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው በቀረ ጊዜ ለጨዋታው ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል። በ2004 በአቴንስ የሆነውንም እናስታውስ። ኃይሌ በተረከዙ ጅማት ታሞ ሳለ በ10,000 ሜትር ተሰለፈ፤ ወደ ኋላ መቅረት በጀመረ ጊዜም ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየዞሩ ይመለከቱት ነበር። በመጨረሻ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነው ገቡ። ወርቅ ከፊቱ እያለ ወደ ኋላ የሚዞርን ሰው አሳብ በገንዘብ ስሌት ብቻ መፍታት አይቻልም። ቀነኒሳ ኃይሌን አሸነፈው፤ ግን ኃይሌን እያየ ያደገ ሰው ነበረ።

«የሯጮች ከተማ» ከዚህ ሁሉ ጋራ አንድ ጉድለት አለበት። በማለዳ ልምምድ ላይ የምናየው የልጆች ብዛት ለሁለቱ ልጃገረዶች ታሪክ እንደ ጀርባ ሥዕል ሆኖ ቀርቷል። እነዚያ ሳይመረጡ የቀሩት ልጆች ምን ሆኑ? መቼ ተዉት? ሲተዉትስ ራሳቸውን ምን ብለው ጠሩ? ፊልሙ ይህን ስለማይጠይቅ ሳያስበው ወደ መጀመሪያው ፊልም ስሕተት ይጠጋል፤ በመንገድ ላይ የቀረውን ሳይሆን የተጓዘውን ብቻ ይከተላል። ያሸነፉትን ብቻ የጠየቀ ሰው ሁሉም «ጽኑ ነበርኩ» ብለው ይመልሱለታል። ካቆሙት መካከል ግን ከእነርሱ ያላነሰ የጸና ይኖር እንደ ሆነ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ይህ ክርክር የፊልም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወኔ ከሰማይ የሚወርድ ስጦታ ነው ካልን ማሠልጠኛ መጠገን፣ አሠልጣኝ ማስተማር፣ ልጆችን በአግባቡ መመገብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ የወደቀችውንም ልጅ በውድቀቷ ላይ ኀፍረት ጨምረን እንልካታለን። ወኔ በሰዎች መካከል የሚበቅል ነገር ነው ካልን ግን ኀላፊነቱ የሁላችን ይሆናል። የኃይሌን ጽናት ማክበር ይገባል፤ ጽናቱን ያበቀሉትን ሰዎች መርሳት ግን አይገባም።

ስለዚህ በዚህ ኮሌጅ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ለምንማር ተማሪዎች አንድ ሥራ የቀረ ይመስለኛል። ወደ በቆጂም ሆነ ወደ ሌላ የሯጮች አገር የሚሄድ ተመራማሪ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ሜዳሊያ የሰቀሉትን ከመጠየቁ በፊት ሩጫን ትተው ወደ እርሻ፣ ወደ ንግድና ወደ ትዳር የገቡትን ፈልጎ ይጠይቅ። የሚያቆም ሰው ለምን እንዳቆመ ሳናውቅ የሚጸና ሰው ለምን እንደ ጸና አውቀናል ማለት አንችልም።